ሲስተር ንግስት የላከችው መልስ

ባለቤቴ ፈድሊያ ልጃችንን ፈሂማን ከወለደች በኋላ አልጋ ያዘች። ሕፃኗ ስታለቅስ እየሰማች ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር። ሆስፒታል ወሰድኳት፤ የድባቴ መድኃኒት ሰጧት፤ በሁለት ወሯ ተነስታ ከእኔ ጋር መጨቃጨቅ ጀመረች። አልሐምዱሊላህ አልኩ።

ኪኒኑ ግን ሰባት ዓመት ቆየ! ሁለቴ አቁማው ሕመሙ ስለተመለሰባት ሐኪሙ እንዳታቋርጥ አስጠንቅቋል። በየወሩ ከሰፈራችን ከሰቶ ሰመሮ ሆስፒታል ድረስ ሄጄ የማመጣላት እኔ ነኝ፤ እሷ የስፌት ሱቃችንን ትጠብቃለች። አልዋሽም፣ ያናድደኝ ነበር። ምን ጎደላት? እጄን አንስቼባት አላውቅም። ከእኔ ጋር ለመኖር ኪኒን ያስፈልጋል እንዴ?

ሚሌኒየሙ በገባ ሰሞን ረመዳን ደረሰ። ድሮ ማታ ትውጠው የነበረው መድኃኒት ተቀይሮ ጠዋት የሚዋጥ ሆኗል።

"ስጾም እንዴት ላድርግ? ጠይቅልኝ" አለችኝ።

ጠየቅኩ። የሆስፒታሉ ነርስ ሲስተር ንግስት፣ "ምን ችግር አለው? ጎህ ሳይቀድ ከሱሁር ምግብ ጋር ትዋጠው" አለች። እኔ ቤት ስገባ ምን አልኩ? "በጾሙ ወር ይቅርባት ብለዋል።" ከዚያ በኋላ ሳትፈልገው ትቀራለች ብዬ ነው። ሱብሃነላህ፣ እንዴት ያለ ድፍረት ነው!

የዒድ ልብስ ስፌት በተደራረበበት በሃያኛው ቀን፣ የፈሂማን ቀሚስ አንድ እጅጌ ብቻ ሰፍታ አስቀመጠችው። "አልቻልኩም" አለች። በማግስቱ ከአልጋ አልወረደችም። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

ያን ቀን ካፈጠርን በኋላ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ፈድሊያ፣ ዋሽቼሻለሁ። ከሱሁር ጋር ትዋጠው ነበር ያሉት።"

ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። "ምን አድርጌህ ነው?"

"ከእኔ ጋር ለመኖር መድኃኒት የሚያስፈልግሽ እየመሰለኝ..."

"ወላሂ ቲጃኒ፣ የእኔ ሕመም እንኳ ስለ አንተ ነው?"



ጠዋት ግድግዳ እየተደገፈች ወጣች። ልከተላት ብል "ተው!" አለችኝ። ባጃጅ ይዛ ብቻዋን ሆስፒታል ሄደች።

ዛሬ ደህና ናት፤ ኪኒኗንም ራሷ ታመጣለች። በዘይት፣ በክር፣ በልጅ ትምህርት እንደ ድሮው እንጨቃጨቃለን። ከሆስፒታል ስትመለስ ግን "ሐኪሙ ምን አለሽ?" ስላት፣ "ደህና ነኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ትለኛለች፣ መንገድ ላይ ላገኘችው ሰው እንደምትመልስ።