የበረዶ ሞተር በአህያ ፈጅ

ማሽኑ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀስሮ ለአንድ አፍታ ቆመና ከጫነው ኩንታል የዘር ገብስ ጋር ወደ ኋላ ተገለበጠ። ተክለ ሚካኤል ከሥሩ ተስቦ ወጣ። የላስታ የሰኔ ጭቃ ጭቃ አይባልም፤ በሬ ከነቀንበሩ ይውጣል። ከውስጡ የወጣው መካኒክ ዓይኑና ጥርሱ ብቻ ነበር የሚታየው።

"ጥፋቱ የአጭሩ ሰንሰለት ነው" አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ይህ ማሽን ዓመቱን ሙሉ በረዶ ከማይለቀው አገር በእርዳታ የመጣ፣ በረዶ ላይ እየተንሸራተተ የሚሄድ የበረዶ ሞተር ነው። እዚያ ያለ አንድ ደግ ሰው "ላስታ ተራራ ነው" ሲባል ሰምቶ ተራራ ሁሉ በረዶ ያለው መስሎት ሳይሆን አይቀርም። ተክለ ሚካኤል የፊት መንሸራተቻዎቹን ፈትቶ በምትካቸው የእጅ ጋሪ ጎማ ገጠመለት። ከኋላ የሚገፋው ግን እንደ ታንክ እግር የሚዞር የጎማ ሰንሰለት ነው፤ በሳጥኑ ውስጥ አጭርና ረጅም ሁለት ሰንሰለት መጥቷል። አጭሩ እንደ ፍየል ይዞራል፤ ዳገት ላይ ሲጫን ግን ይገለበጣል። ረጅሙ ዳገቱን እንደ ዝንጀሮ ይቧጥጣል፤ መንገዱ ገደል አፋፍ ላይ ወደ ኋላው በሚታጠፍበት አህያ ፈጅ በሚባለው ቦታ ግን አይዞርም። አንዱን ፈትቶ ሌላውን መግጠም ግማሽ ቀን ይፈጃል። በዘጠኝ ቀን አራት ጊዜ ፈትቶ ገጥሟል፤ የተሳደበው ስድብ ቢሰበሰብ ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን እስከ ፍላቂት ከተማ ይደርሳል።

ከገደሉ በላይ ያሉት አርባ አባወራዎች መሬታቸውን በዶማ ቆፍረው ጨርሰዋል። ድርቁ አህያም በቅሎም አላስተረፈላቸውም። ሠላሳ ኩንታል ዘር ታች መጋዘን ውስጥ ተቆልፎ ተቀምጧል። ቀኑ ሰኔ አሥራ ስድስት ነው፤ ሰኔ ካለፈ በኋላ የተዘራ ገብስ ደግሞ የውርጭ ቀለብ ነው።

ተክለ ሚካኤል ደሴ ሳለ ታንክ በጆሮው አድምጦ ያስነሳ፣ አውሮፕላን ሳይቀር ምክር ሊጠይቀው ያረፈለት ሰው ነኝ ባይ ነው። መጋዘኑን ለሚቆጣጠረው ካድሬ ለጓድ የሻውም "የማላስነሳው ብረት ገና አልተሠራም" ብሎታል። ስለዚህ ከሁሉ በላይ ያቃጠለው የመንደሩ ሰው ዝም ብሎ ማየቱ ነበር።

ከዚያ ሁሉ ሰው የተናገሩት እመት ይማርሽ ብቻ ናቸው። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው የበቅሎ ነጋዴ ሚስት የነበሩ ባልቴት ናቸው።

"ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በቅሎ ሲገዛ ከጥርስ በፊት ወገብ ነበር የሚያየው" አሉ። "አህያ ፈጅ ላይ ወገበ ረጅም በቅሎ ስትደርስ ምን እንደምናደርግ ታውቃለህ፣ ልጄ?"

"ይሄ እኮ በቅሎ አይደለም፣ እመት።"

"እሱማ ያስታውቃል፤ በቅሎ ዘጠኝ ቀን አትለግምም። እናራግፋታለን። ጭራና ወገቧን ይዘን እናዞራትና ማዶ መልሰን እንጭናታለን።"

ተክለ ሚካኤል ወደ ረጅሙ ሰንሰለት ዞር አለ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ለክቶ፣ በከሰል ሥሎ፣ እንቅልፍ አጥቶ ያልመጣለት ነገር ከበቅሎ ጭራ ሥር ተገኘ። ደስ ሊለው ሲገባ ተናደደ። እንደተናደደም ረጅሙን ሰንሰለት ገጠመ።

በማግስቱ ማሽኑ ዳገቱን ወጣ። አህያ ፈጅ ላይ አሥራ ሁለት ሰው ኩንታሉን አውርዶ፣ ማሽኑን በወገቡ አንስቶ አዞረውና መልሶ ጫነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ በረዶ እያማረው በየመቶ እርምጃው እንደ ድስት ይፈላ ስለነበር፣ ሴቶች ውኃ እያፈሰሱ አስታገሡት። ግማሽ ቀን ፈጅቶ አንድ ኩንታል ገብስ ላይኛው መንደር ደረሰ።

"ትክክለኛው ርዝመት ረጅሙ ነው" አለ ተክለ ሚካኤል ደረቱን ነፍቶ። "ብያችሁ ነበር።"

እመት ይማርሽ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን እያሹ ነበር። "ማሽንህን ያነሱት አሥራ ሁለት ሰዎች" አሉ፣ "ግማሽ ግማሽ ኩንታል ቢሸከሙ ኖሮ ስንት ይወጣ ነበር?"

ስድስት። ተክለ ሚካኤል ሳይወድ አሰበው። በማሽኑ በቀን ሁለት፣ ሠላሳው አሥራ አምስት ቀን፤ ያውም ዝናብ ካልጣለ። በሰው ትከሻ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ቢመላለሱ፣ ሁለት ቀን ተኩል።

ወርዶ ጓድ የሻው ዘንድ ገባ። ካድሬው ወሬውን ቀድሞ ሰምቶ ፊቱ በርቷል፤ ለአውራጃው ሪፖርት እያዘጋጀ ነው። ዘሩ በሸክም ይውጣ የሚለውን ሐሳብ ግን መስማት አልፈለገም። የመጋዘኑ ትእዛዝ በማሽን ይጓጓዛል ነው የሚለው። በሰው የሚወጣው በማሽኑ ማጓጓዝ እንዳልተቻለ ባለሙያው ከነምክንያቱ ፈርሞ ካረጋገጠ ብቻ ነው።

"እንግዲያው አይችልም" አለ ተክለ ሚካኤል።

"ዛሬ ወጥቶ የለም እንዴ?"

"ሰው ተሸክሞት ነው።"

ጓድ የሻው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ችግሩ የሰንሰለቱ ርዝመት ከሆነ መፍትሔ አለው። መካከለኛ እንዲልኩልን እንጽፋለን። እስኪመጣ ዘሩ ባለበት ይቆያል።"

ተክለ ሚካኤል ወደ መስኮቱ ዞረ። እመት ይማርሽና አብረዋቸው የወረዱት ሰዎች መጋዘኑ በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ሰንሰለቱን ጥፋተኛ ካደረገ ክረምቱ ደብዳቤ በመጠበቅ ያልቃል። ማሽኑ ተበላሸ ቢል መለዋወጫ ይታዘዛል። እንደማይታዘዝ እርግጠኛ የሆነው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"ሰንሰለቱ ምንም አልሆነም" አለ። "ማሽኑም ደኅና ነው። እኔ ነኝ ያቃተኝ፤ ችሎታ ደግሞ በደብዳቤ አይታዘዝም።"

"ታንክ በጆሮህ ያስነሳኸው ሰውዬ?"

"ታንክ አስነስቻለሁ። ይሄን አልቻልኩም።"

ካድሬው ሣቀ፤ የማረጋገጫውን ወረቀትም ገፋ አደረገለት። ተክለ ሚካኤል "የባለሙያው ችሎታ አነስተኛ ስለሆነ" ብሎ በደማቁ ጻፈና ማንም ከሌላ ሰው ጋር እንዳያምታታው ስሙን ከነአያቱ አሰፈረ። ከዚያ የመጋዘኑን ቁልፍ ለመቀበል እጁን ዘረጋ።