ባሕሩ ሰዓቱን አከበረ

ካፒቴን ቀጸላ ጠንቃቃ ሰው ነበር፤ ጥንቃቄው ሚስቱን ሳይቀር ያሰለቸ። የነጋዴውን የሙሴ ሙጠሊብን ትንሽ የጭነት አውሮፕላን ከድሬዳዋ ጅቡቲ ሲያመላልስ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞላው። ኑሯቸው ጅቡቲ ነው፤ ወይዘሮ አልጋነሽ ግን ባሏ ሲበር አንድም ቀን አላየችም። ጡረታ ሊወጣ ወር ሲቀረው፣ በ2001 ዓ.ም. ኅዳር፣ ሙጠሊብ ለድርጅቱ በዓል የአየር ትርኢት አማረው።

"እንግዲህ ታዪኛለሽ" አላት ቀጸላ፤ ቢጫ ጃንጥላም ገዛላት፣ ከላይ ሆኖ እንዲለያት። ሌላ ዕድል እንደሌለ ሁለቱም ያውቁታል።

ሙጠሊብ አውሮፕላኑ በፕላቶ ዱ ሰርፓን ሰፈር ቤቶች አናት ላይ እንዲገለባበጥ ፈለገ።

"ሞተሩ ቢጠፋስ ሙሴ?"

"ወላሂ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልጠፋ ዛሬ ይጠፋል?"

"ብቻዬን ብወድቅ ሐዘኑ የአልጋነሽ ነው። ሰው ላይ ብወድቅ ግን የአገር ነው።"

የኃላፊነት ወረቀት ሲመጣ ሙጠሊብ መነጽሩ ጠፋበት፤ አማካሪዎቹም እስክሪብቶ አጡ። የፈረመው ቀጸላ ነው፤ ከፈረመ ዘንድ ደግሞ አዘዘ። ትርኢቱ ባሕሩ በሚሞላበት በስምንት ሰዓት፣ ከዳርቻው አራት መቶ ሜትር ርቆ፣ ውኃው ላይ ይሆናል። ነፋሱንም ወፎቹንም መዘነ። ያልመዘነው የክብር እንግዳውን ብቻ ነበር።

ዓርብ ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ባሕሩ መጣ፣ እንግዳው ቀሩ። ብቅ ያሉት በአሥራ አንድ ሰዓት ነው። ቀጸላ ተነሥቶ ወደ መሥመሩ ዝቅ ሲል ደነገጠ። ባሕሩ ሸሽቷል። መሸሹንስ ያውቃል፤ ሕዝቡ ወንበሩን ተሸክሞ ይከተለዋል ብሎ ግን አላሰበም። የካርቲየ ሰባት ሰፈር ሰው እንዳለ እርጥቡ አሸዋ ላይ ተደርድሯል፤ ከሁሉም ፊት ቢጫ ጃንጥላ ይውለበለባል።

"ዝቅ በል እንጂ!" ሙጠሊብ በሬዲዮ ጮኸ። "እንግዳው እያዩ ነው! ሰዉ በገዛ እጁ ነው የገባው!"

"የፈረምኩት እኔ ነኝ" አለና ሳይገለበጥ ዞሮ ተመለሰ።

ሙጠሊብ እንግዳውን "ሞተሩ ታሞ ነው" እያለ ሲያባብል ቀጸላ ደረሰ።

"ሞተሩ ደህና ነው" አለ። "ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሰው እንደሚገባ ማሰብ ነበረብኝ።" እንግዳው ጥፋቱን የሚያምን ሰው ስላልለመዱ ግራ ገባቸው፤ መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

ቤት ሲደርስ አልጋነሽ የጨቀየ እግሯን እየታጠበች ነበር። ንድድ ብሏታል።

"አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠብቄ ጅራትህን አሳየኸኝ! ጃንጥላውን አላየኸውም?"

"አየሁት።"

"ታዲያ ምን አስመለሰህ?"

"አየሁታ።"

እጇ ውኃው ውስጥ ቀረ። ይሄኔ ከግቢው ማዶ አንዱ ጎረቤት፣ ሆን ብሎ እንዲሰማ፣ "ፈሪ ለእናቱ!" ብሎ ሳቀ።

አልጋነሽ በእርጥብ እግሯ ብድግ ብላ መስኮቱን በረገደችው።

"ለሚስቱም ነው!" አለች።