ጮክ ብላ የምትጽፍ ልጅ

ሰው ልጅ አስጠንቶ ይመሰገናል፤ እኔ አስጠንቼ አጭበርባሪ ተባልኩ። ይበሉኝ፣ ግድ የለኝም፤ የኔን ስም እንደሆነ ድሮም ማንም በወርቅ አልጻፈውም። አንጀቴን ያሳረረኝ የልጅቷ ነገር ነው።

ልጅቷ የወንድሜ ልጅ ናት። ንብዬ እንላታለን፤ ስታስብ ከንፈሯ አያርፍም፣ ለራሷ ታጉተመትማለች። ወሬ ላይ ማንም አይችላትም። አባቷ ጋራዥ የዋለውን ውሎ ስትተርክልህ ሆድህን ይዘህ ነው የምትስቀው። እርሳስ ስታስይዛት ግን ሌላ ልጅ ትሆናለች። ዓረፍተ ነገሯ በአንድ ሰው ተጀምሮ በሦስት ሰው ያልቃል። ትናንት የሄደው ሰውዬ ነገ ይመጣ ነበር። አራት ነጥብ የሚባለውን ከነመኖሩም ረስታው፣ “እና” “እና” እያለች ገጹ እስኪያልቅ ትነጉዳለች። የቋንቋ አስተማሪዋ ደግሞ ቀይ እስክሪብቶዋን አንስታ ደብተሩን ደም በደም አድርጋ ትመልስላታለች። እስቲ አሁን ከዚያ ሁሉ ቀይ ውስጥ ልጅ የቱን ያርም?

አንድ ቀን ወንድሜን ትምህርት ቤት አስጠሩትና በዚህ ዓመት ቋንቋ ካላለፈች ክፍሉን ትደግማለች አሉት። እሷም ቤት ገብታ “ከደገምኩ ከነጭርሱ አልማርም” ብላ ቁጭ። ወንድሜ መካኒክ ነው፤ የታመመ ሞተር በድምፁ ያውቃል፣ ደብተር ሲያይ ግን ይደነብራል። ሮጦ እኔ ዘንድ መጣ። “እታለም፣ በሞቴ፣ ድረሽልኝ” አለኝ።

እኔ ማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ። እኛ ዘንድ አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ወረቀቱን ይዞ ይከተላል። ዓይኔ የዘለለውን ስንት ጊዜ ጆሮዬ ይዞልኛል። ንብዬንም በዚያው መንገድ አስያዝኳት። “መጀመሪያ እንደምታወሪው ንገሪኝ። ከዚያ ያልሽውን ጻፊ። ከዚያ የጻፍሽውን ለራስሽ አንብቢና ስሚው” አልኳት። ቀይ እስክሪብቶ ቤቴ ድርሽ አላለም። አንድ ሰሞን ማን እንዳደረገው ብቻ አየን፤ ሌላ ሰሞን መቼ እንዳደረገው ብቻ። የቀረው ስህተት እንደ ልቡ ይፈንጭ ብዬ ተውኩት። መጀመሪያ ታፍር ነበር። እየቆየች ግን ትጽፋለች፣ ታጉተመትማለች፣ ድንገት “ኤጭ!” ብላ ትሰርዛለች። እኔ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየላጥኩ ያቺን “ኤጭ” ስሰማ ደስታዬን የማደርግበት ይጠፋኝ ነበር።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ስለ ቤተሰባችሁ ጽፋችሁ አምጡ ተባሉ። ስለ አባቷ ጻፈች። “አባቴ መኪና ሥር ሲገባ እግሩን ብቻ ነው የማየው። ሥራው ሲሳካለት ጫማውን ያወዛውዛል። ሲበላሽበት እግሩ ዝም ይላል። ያኔ ውሃ አመጣለታለሁ።” አንዲት ቃል ነክቼባት እንደሆነ ይኼ የምኖርበት ዓይኔ ይጥፋ። ለወንድሜ ሳነብለት ጎንበስ ብሎ የገዛ ጫማውን አየ።

አስተማሪዋ ግን አላመነችም። “ይህን እሷ ልትጽፈው አትችልም” ብላ ለዳይሬክተሩ አቀረበች። ወንድሜና እኔ ተጠራን። እሱ እስከ ክርኑ ግራሶ በግራሶ ሆኖ መጣና ወንበሩን እንዳያቆሽሽ ጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ ተቀመጠ። ንብዬን ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ አጠገብ አስቀምጠው ነጭ ወረቀት ሰጧት። “ዛሬ ጠዋት ያደረግሽውን ጻፊ” አሏት።

እርሳሱን ያዘችና ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ።

“ምንድን ነው እሱ?” አለች አስተማሪዋ። “ያስጠኑሽን ነው እንዴ የምትደግሚው? አፍሽን ዝጊና ጻፊ!”

“ኧረ እባክሽ ተያት፣ እንደዚያ ነው የምትጽፈው” አልኩ።

“እርስዎ እንዳይናገሩ” አለኝ ዳይሬክተሩ።

ልጄ ጥርሷን ነክሳ ጻፈች። ስትጨርስ አስተማሪዋ ወረቀቱን ነጠቅ አድርጋ ከበፊቱ ጎን አነጠፈችው። “እና” “እና” ብቻ። አንድ ሰው ይነቃል፣ ሦስት ሰው ይታጠባል። “ይኸው!” አለች፣ ሌባ እጅ ከፍንጅ የያዘች መስላ። ደሜ ፈላ።

ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆንማ ሰድቤው በወጣልኝ። “ልጅ ናት፣ ልንጎዳት አንፈልግም” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ያሳሳታት ሰው ጥፋቱን ካመነ፣ ይህን ጽሑፍ ሰርዘን በቃል እንፈትናታለን። በቃል ጎበዝ ናት፣ ታልፋለች። ካላመነ ግን ያጭበረበረችው እሷ ናት ማለት ነው፤ ትደግማለች።”

ወንድሜ ዞሮ አየኝ። “እታለም” ብቻ አለኝ።

ምን ላድርግ? ዓይኔን በጨው አጥቤ “እኔ ነኝ የጻፍኩት” አልኩ።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አስተማሪዋ ግን አልበቃትም። “ስለ እግሩ የሚለውንም?” አለችኝ።

“እሱንም።”

“እኔስ ምን አልኩ! ይህ የልጅ አሳብ አይደለም፤ አዋቂ ያሰበው መሆኑ ያስታውቃል” አለች፣ ፊቷ በርቶ።

ንብዬ ቀና ብላ አየችኝ። አላለቀሰችም። “ውሸት ነው፣ የኔ ነው!” ብላ እንዳትጮህ ፈጣሪዬን ለመንኩ፤ ብትጮህም ደግሞ ደስ ባለኝ። አልጮኸችም። ቀስ ብላ አንገቷን ደፋች።

መንገድ ላይ እጇን ያዝኩና “ስሚኝ፣ የዋሸሁት እንድታልፊ ብዬ ነው። ጽሑፉ ያንቺ ነው፣ አንዲት ቃል አልነካሁም” አልኳት። “እሺ” አለችኝ። ወንድሜ ከኋላችን እየተከተለ “እግዜር ይስጥሽ፣ እታለም፣ እግዜር ይስጥሽ” ይላል። ዝም በልልኝ ብዬ ጮህኩበት። ሰው ዞሮ አየን።

በቃል ተፈተነች፣ አለፈች። ጓደኞቿ መሃል ተቀምጣ አዲሱን ክፍል ጀመረች። ወንድሜ ጋራዡ ለገባ ደንበኛ ሁሉ “ልጄ አለፈችልኝ” እያለ ያወራል። እኔም ከሰው እኩል እንኳን ደስ ያለህ አልኩት።

ባለፈው ቅዳሜ የቤት ሥራ ይዛ መጣች፤ ስለ ሰፈራችሁ ጻፉ ተብለዋል። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘረጋሁላትና ወጥ ቤት ገብቼ ጆሮዬን አቆምኩ። ጠበቅኩ። ማጉተምተም የለ፣ “ኤጭ” የለ። ስወጣ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች፤ ወረቀቱ እንዳለ ነጭ ነው።

“ምነው የኔ ልጅ፣ ጠፋብሽ እንዴ?”

“አክስቴ፣ አንቺ ጻፊውና እኔ ልገልብጠው” አለችኝ። ቂም የለባት፣ ሽሙጥ የለባት፤ ከልቧ ነው። ያልገባኝ መሰላትና አስረዳችኝ።

“ስለ አባባ እንደጻፍሽልኝ ጊዜ።”