መዝመምና መዝመት

ስለዚያ የቀበሌ ሊቀመንበር ደግ ነገር እንድናገር የሚጠብቅ ሰው ካለ ይቅርበት። ለቅሶው ላይ ጠርተው ቢጠይቁኝም አልናገርም።

ባሌ መሪጌታ አካለ ወልድ በቢቸና የታወቁ የአቋቋም መምህር ነበሩ። በደርግ ጊዜ፣ በ፸፯ ዓ.ም.፣ እግራቸው አበጠ፤ ትራስ ካልደራረቡ መተኛት አቃታቸው። ሞጣ ወሰድኳቸው። ወጣቱ ሐኪም ደረታቸውን አዳመጠና «የልብ ድካም ነው» አለ። እኔም ድካም ከሆነማ ብዬ፣ «እንግዲያው አስተኛቸዋለሁ» አልኩት።

«ኧረ በፍጹም!» አለ። «መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም። ልባቸው እንዲበረታ ቀስ እያሉ ሰውነታቸውን ማለማመድ አለባቸው። ሐሙስ ሐሙስ ይምጡ፤ እያዳመጥኩ እጨምርላቸዋለሁ። ለብቻቸው ግን እንዳይጨምሩ!» ከዚያ ወደ እሳቸው ዞሮ ሥራቸውን ጠየቃቸው።

«ማኅሌት እቆማለሁ» አሉት።

የካህን ልጅ ኖሮ ፊቱ በራ። «በቃ፣ እሱ ይሻላል! ለጊዜው ዝማሜ ብቻ።»

ዝማሜ ማለት መቋሚያ ይዞ፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ዘንበል ቀና እያሉ፣ በእርጋታ መዘመር ነው። ከዚያ በኋላ ነው እግሩም ጭብጨባውም የሚፈጥነው።

ሐሙስ ሐሙስ የልብ ሕመምተኞች ሐኪም ቤቱ ግቢ ይሰበሰባሉ። መሪጌታ ሲዘምሙ፣ ሙሐመድጣሂር የሚባል የሞጣ ጨርቅ ነጋዴ ዱላውን ይዞ ከጎናቸው ይመላለሳል።

«መሪጌታ፣ በዚህ አያያዝዎ ሊያስቀድሱኝ ነው!» ይላቸዋል።

«አንተ ብቻ እግርህን አንሣ፤ የነፍስህን ነገር ሌላ ቀን እናወራዋለን» ይሉታል።

እውነትም እብጠቱ ጎደለ። ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ሳያርፉ መድረስ ጀመሩ። ደስታዬን ለማን ልንገር!

ያን ጊዜ ከቢቸና ለመውጣት ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። የፊተኛው ሊቀመንበር ነገር ሳያበዛ ይሰጠን ነበር። እሱ ተነሣና ይሄ መጣ። ቅኔ ቤት ገብቶ ሳይጨርስ የወጣ፣ ሰው ካላሳቀ ምሳው የማይወርድለት።

«ሞጣ በየሳምንቱ ምን ሊሠራ ነው የሚሄደው?» አለኝ። መሪጌታን ነው እንዲህ የሚላቸው፣ ልብ በሉ።

«ለሕክምና ነዋ።»

«መርፌ ይወጋል?»

«አይወጉም።»

«ታዲያ ምን ያደርጋል?»

ምን ልበል? እውነቱን ተናገርኩ። «ይዘምማሉ» አልኩት።

ክፍሉ ጉዳይ ባለው ሰው ሞልቷል። ዞር ዞር ብሎ አያቸውና፣ «መዝመም የቻለ መዝመት አያቅተውም!» አለ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ሳቁ ሲበርድለት፣ «ማክሰኞ ለእርከን ዘመቻው ይውጣ» ብሎ ጨመረ።

«ኧረ በመድኃኔ ዓለም! ድንጋይ መሸከምና ዝማሜ አንድ ነው? ሐኪሙን ጠይቅ!» ብዬ ጮህኩ።

«በመንግሥት ሐኪም ቤት ማኅሌት የሚያስቆም ሐኪም ራሱ ይጠየቃል» አለኝ።

ይሄኔ ነጠላዬን ሰብስቤ ወጣሁ። ለሐኪሙም፣ ለዚያ ሁሉ በሽተኛም ጦስ እንዳልሆን ፈራሁ።

ቤት ገብቼ ስነግራቸው መሪጌታ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ሳቁ! «አንቺ አገሬ፣ ሰውዬው ለካ ቅኔ ቀምሷል» አሉኝ።

«አንቱ ሰው፣ ሊገድልዎ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ። ግን አማረለት።»

በዚህ ነገር እስከ ዛሬ እናደድባቸዋለሁ።

ማክሰኞ መጥተው ወሰዷቸው። የቀረ ሰው አድኃሪ ይባላል፤ አድኃሪ ከተባሉ ደግሞ ወዴት እንደሚያደርስ ሁሉም ያውቀዋል። ዳገቱን ድንጋይ ተሸክመው ወጡ፤ በሌላውም ቀን፣ በሌላውም። ትንሽ እንደ ሰነበቱ እግራቸው ተመልሶ አበጠ፤ ትራሱም ተመልሶ ተደራረበ። ይለፍ እንዲሰጠን ደጋግሜ ሄድኩ፤ ባየኝ ቁጥር «ዘማቹ እንዴት ነው?» እያለ ይስቅብኛል። አንድ ረቡዕ ሊመሽ ሲል እርከኑ ላይ ተዘረሩ።

ያን ጊዜ ይለፍ አልጠፋም! ሊቀመንበሩ ራሱ ሮጦ ማኅተሙን መታ፣ የጭነት መኪናም ለምኖ አቆመልን። ለእኛ አዝኖ መሰላችሁ? ዘመቻው ላይ ሰው ሞተ እንዳይባልበት ነው።

በማግስቱ ጧት ተነሣን። ደብረ ወርቅን እንዳለፍን እጃቸው እጄ ውስጥ ቀዘቀዘ። ሾፌሩን አቁም አላልኩትም፤ ወዴት ልመልሳቸው? ሞጣ ስንደርስ የልብ ሕመምተኞቹ ግቢው ውስጥ ናቸው። ሙሐመድጣሂር ከሁሉም ቀድሞ አየኝ፤ እየሳቀ መጣ።

«እትዬ አገሬ! ምነው እንዲህ ጠፋችሁ? እኛማ ተቀየሙን ብለን! የታሉ መሪጌታ?»

«መኪናው ላይ ናቸው» አልኩት።

እሱም «በሉ መሪጌታ፣ እጅዎን ይስጡኝ!» እያለ ሊያወርዳቸው ወጣ።