ለሦስት ያልበቃ መብራት

እንቅልፍ ሲታደል ለእኔ የደረሰኝ በስህተት የቀኑ ፈረቃ ነው። ማታ ዓይኔ ፍጥጥ ይላል፤ ጠዋት ደግሞ ቤቱ ቢናድ አልሰማም። ይኼ ጣጣ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ጉድ ሊያፈላብኝ ደረሰ። የኬሚስትሪ መምህራችንን “ቁልፉ” ነው የምንለው፤ ልክ ሁለት ሰዓት ሲሆን በሩን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ይከታል። “አንድ ጠዋት ደግመሽ ብታረፍጂ ከኮርሱ ወጥተሻል” ብሎኛል። ከኮርሱ ወጣሁ ማለት ዓመቱን ደገምኩ ማለት ነው።

ስለዚህ የሥነ ልቦና ክፍል “እንቅልፍ ላስቸገራቸው ተማሪዎች የብርሃን ሕክምና” ብሎ ማስታወቂያ ሲለጥፍ ሮጬ ተመዘገብኩ። ተመራማሪዋ ደብተር የምታክል መብራት ሰጠችኝ። “ጠዋት እንደነቃሽ ግማሽ ሰዓት መብራቷ ፊት ትቀመጫለሽ። እንቅልፍሽ ይስተካከላል፣ መንፈስሽም ይነቃቃል” አለችኝ። ችግሩ እኮ መንቃቱ ላይ ነው ልላት ፈለግኩ፤ አፈርኩ።

ቤት ውስጥ ሦስት ነን። እናቴ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት፤ ሰው ሁሉ የአራት ዓመት ልጅ ይመስላታል። ታናሽ ወንድሟ፣ እኔ ጋሼ የምለው አጎቴ፣ ልብስ ሰፊ ነው። ሁለቱ ተኳርፈዋል። ለሠርግ የሰፋላት ቀሚስ አልገባ ቢላት “ቀሚሱማ ልክ ነው፤ ወፈር ያልሽው አንቺ ነሽ” አላት። በቃ! ከዚያ ወዲህ የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ነው፣ ያውም አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠው።

“አጎትሽን ጨው አቀብል በዪው።”

“ጨው ለደም ግፊቷ ጥሩ አይደለም በያት።”

ፖስታ ቤት ሆኜ ቀረሁ እላችኋለሁ።

መብራቷን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ መንፈስ እንደምታነቃቃ ነግሬያቸው ተኛሁ። ምን አፌን አስከፈተኝ! በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ ጩኸት ቀሰቀሰኝ። ስወጣ እናቴ በሌሊት ልብሷ፣ ጋሼ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ መብራቷ ፊት ትከሻ ለትከሻ ይጋፋሉ።

“አጎትሽን ብርሃኔን ከለልከኝ በዪው!”

“እኔ ጉልበቴን ላሙቅበት ነው በያት!”

“ሕክምናው የእኔ ነው እኮ!” አልኩ። ማን ሰምቶኝ!

“ሰልፍ ያዢ” አለችኝ እናቴ።

ተራዬ ሳይደርስ የትምህርት ሰዓት ደረሰ። ተናድጄ ወጣሁ። ቁልፉ በሩን ሊከፍት ሲመጣ በር ላይ ቆሜ አገኘኝና ደንግጦ ሰዓቱን አየ።

በየቀኑ እንዲሁ ሆነ። ጠዋት የሚያስተኛኝ ስለጠፋ ማታ እራት ላይ ሳለሁ ዓይኔ ይከደን ጀመር። እነሱማ አማረባቸው። እናቴ ፊቴ ጠራ ትላለች፤ ጋሼ ጉልበቴ ዳነ፣ መርፌ ውስጥ ክር የማስገባውም ያለ መነጽር ነው ብሎ ይምላል። አንድ ጠዋት ደግሞ ሳያስበው ዞር ብሎ “እትዬ፣ ትንሽ ፈቀቅ በይልኝ እስቲ” አላት። በቀጥታ! እኔን ሳይልክ! ሁለቱም ክው አሉ። እናቴ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ፈቀቅ አለችለት። ከዚያ ወዲያ በቀጥታ መጨቃጨቅ ጀመሩ፣ እኔም ከፖስታ ቤቱ ተሰናበትኩ። ደስ አለኝ፣ ምን እደብቃለሁ።

በማጠቃለያ ፈተናው ዋዜማ መብራቷን ልመልስ ሄድኩ።

“ለአንቺ የደረሰሽ ደካማዋ ነበረች፤ ለማወዳደሪያ የምንሰጣት” አለችኝ ተመራማሪዋ። “የእሷ ብርሃን ለማንም ምንም አያደርግም። ለመሆኑ ስንት ጊዜ ፊቷ ተቀመጥሽ?”

“ተራዬ አልደረሰም” አልኳት።

ቤት ስገባ ለእናቴ ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ ጫነች። “በይ ዝም በይ! አጎትሽ እንዳይሰማ። ጉልበቴ ዳነ እያለ፣ ምስኪን!”

ጋሼ ክፍል ገባሁ። መነጽሩን አድርጎ የእናቴን ቀሚስ ጎን ሊያሰፋ እየተረተረ ነበር። ሲያየኝ መነጽሩን በጥድፊያ አወለቀ። የሰማሁትን ነገርኩት።

“እኔማ ጠርጥሬ ነበር” አለ። “እናትሽ ጋ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ። ደስ ብሏታል።”

ዕድሜዬን መልእክት ሳመላልስ ኖሬ፣ አሁን አታድርሺ ተባልኩ። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነው። ፈተናው ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ መብራቷ ሄዳለች። እነሱ ከተኙ ማን ይቀሰቅሰኛል?

ጎህ ሲቀድ የማውቀው ጩኸት ቀሰቀሰኝ። ሳሎን ስወጣ ሁለቱም ባዶው ጠረጴዛ ፊት ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠዋል።

“ከለልከኝ እኮ!”

“ምኑን ነው የከለልኩሽ፣ እትዬ?”

እናቴ ትንሽ አሰበች። “እኔ እንጃ። ብቻ ፈቀቅ በል።”

ፈቀቅ አለላት። በመካከላቸው ክፍት ቦታ ሆነ። እናቴ ቀና ብላ አየችኝና ወንበሩን መታ መታ አደረገች።

“ነይ፤ ዛሬ ተራሽ ደርሷል።”

ግማሽ ሰዓት ሙሉ ባዶ ጠረጴዛ እያየሁ መሃላቸው ተቀመጥኩ። የፈተናው ክፍል ስደርስ ቁልፉ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ነበር፤ በክንዱ ሥር ሾልኬ ገባሁ።