ቀን ቀን ቤት የሚውለው ማነው?

ወንድሜ ስለ ሌላ ሰው መልስ መስጠት ይወዳል። ምግብ ቤት ስንገባ "እሷ ሻይ ብቻ ነው የምትፈልገው" ይላል። ሐኪም ዘንድ ሲወስደኝ፣ እኔ አፌን ከፍቼ እያሳየሁ፣ እሱ "ጉሮሮዋ ነው" ብሎ ይጀምራል። እናታችን በዚህ ትስቃለች፤ አፈ ጉባኤው ትለዋለች። እኔም አብሬ ስስቅ ኖሬአለሁ። ዝም የሚል ሰው እንደ ተስማማ ይቆጠራል፣ እኔም ብዙ ነገር እንደ ተስማማሁ ተቆጥሮልኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ውሾች መጠለያ ስንሄድ ግን ከቤት ሳንወጣ ተነጋግረን ነበር። ሁለታችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። እኔ መነጽር ቤት ከኋላ ባለው ክፍል ሌንስ እሞርዳለሁ፤ ጠዋት ወጥቼ የምገባው ሲመሽ ነው። እሱ መኪና ይሸጣል፤ እሱም የሚገባው ሲመሽ ነው፣ ከገባ። ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ያለችው ነርስ ሌሊት ሠርታ ቀን ትተኛለች። ስለዚህ የሚያስፈልገን ዕድሜው ገፋ ያለ፣ ብቻውን መዋል የለመደ ውሻ ነው። እንዲህ ያለችም አግኝቼ ነበር፤ ቡናማ፣ አንድ ጆሮዋ የተተለተለ፣ ባለቤቷ ሞተውባት የመጣች። ከሥራ ነፃ በሆንኩበት ቅዳሜ ሁሉ እየሄድኩ አይቻታለሁ። ሌሎቹ ሲጯጯሁ እሷ አንድ ዓይኗን ገልጣ መልሳ ትከድነዋለች።

"እሺ፣ ያንቺን አሮጊት እናያታለን" አለ ወንድሜ ጫማውን እያሰረ።

አላያትም። ገና ሦስተኛው ፍርግርግ ጋ ስንደርስ ቆመ። ውስጥ አንድ ጥቁር ወጣት ውሻ በኋላ እግሩ ተነሥቶ ሽቦውን ይገፋል።

"ውሻ ማለት ይሄ ነው" አለ። "እዪው እስኪ፣ ፈረስ አይመስልም?"

"ወንድም ጋሼ፣ የመጣነው ለሌላዋ ነው።"

"ማየት ይከለከላል እንዴ?"

የመጠለያው ኃላፊ መጡ፤ ጎማ ጫማ ያደረጉ፣ ድምፃቸው የሻከረ ሴትዮ። "ይሄ ሩጫ ይፈልጋል" አሉት። "አንድ ቤተሰብ ወስዶት ነበር፤ ሶፋቸውን ቢበላባቸው መለሱት። ቀን ቀን ቤት የሚውለው ማነው?"

"ሐሳብ አይግባዎት፣ እትዬ። እኔ ለምሳ እመለሳለሁ። እሷ ደግሞ የምትሠራው ግማሽ ቀን ነው።"

ግማሽ ቀን። የሌንስ ብናኝ ከጥፍሬ ሥር አልወጣ ብሎኝ ቆሜ፣ ግማሽ ቀን።

መጠለያው አንድ ደንብ አለው። ውሻ ወደ አፓርታማ ከመሄዱ በፊት ባዶ ክፍል ይገባል፤ የወሳጁ ልብስ ይነጠፍለትና በሩ ይዘጋበታል። ወሳጆቹ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው፣ ሳይናገሩ፣ ውሻው ብቻውን ሲሆን ምን እንደሚያደርግ ያዳምጣሉ።

ወንድሜ ጃኬቱን አነጠፈ። በሩ ከመዘጋቱ ጥቁሩ ውሻ አለቀሰ። ቀጥሎ ጮኸ፤ ቀጥሎ እንጨቱን መቧጠጥ ጀመረ። የነርሷ ጣሪያ የኛ ወለል ነው። እኔ ጩኸቱን የሰማሁት ከሥሩ፣ እሷ አልጋ ላይ እንደተኛሁ ሆኜ ነው።

ወንድሜ ተነሥቶ አፉን በሩ ላይ አስጠጋ። "አይዞህ የኔ ጀግና፣ አለሁ።"

ውሻው ዝም አለ። ወንድሜ ወደ እኛ ዞረ። "ይኸው፣ ለመደ።"

"መናገር ክልክል ነው እኮ" አሉ ኃላፊዋ፣ ግን እየሳቁ። ሰው ወንድሜን ሲቆጣ ይስቃል፤ እንጀራውም ይኸው ነው። "ለማንኛውም፣ ለምሳ የሚመጣለት ካለ ይላመዳል" ብለው ብዕራቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

ቀሪውን አውቀዋለሁ። ድሮ ቤት ያኖርናቸውን ዓሣዎች የገዛው እሱ ነው፣ ሲሞቱ የቀበርኳቸው እኔ። የነርሷን በር አንኳኩቼ ይቅርታ የምለው እኔ ነኝ። ውሻውን ለሁለተኛ ጊዜ እዚህ አምጥቼ፣ ዓይኑን ሳላይ ገመዱን የማስረክበው እኔ ነኝ። እስከዚያ ድረስ ደግሞ በር ሲቧጥጥ የሚውለው ውሻው ነው፣ ምስኪኑ።

"ለምሳ አይመለስም" አልኩ።

ድምፄ ቀጭን ሆኖ ወጣ። ደገምኩት። "ለምሳ አይመለስም። እኔም የምሠራው ሙሉ ቀን ነው። ቀን ቤት ውስጥ ማንም የለም።"

"ትቀልዳለች" አለ ወንድሜ።

"አልቀልድም።"

"ዛሬ ምን ነክቶሽ ነው በሰው ፊት የምታዋርጂኝ?"

"በሰው ፊት ስለዋሸህ። ቤት ብትዋሸኝ ኖሮ እንደ ልማዴ ዝም እልህ ነበር።"

ኃላፊዋ ብዕራቸውን ከደኑ። "ልጄ፣ ታዲያ ቅድም አትናገሪም?"

"እርስዎ የጠየቁት እሱን ነው" አልኩ። አነጋገሬ ጨዋ አልነበረም፣ እንዲሆንም አልፈለግኩም። "ሁለት ሰው ቆመን አንድ ሰው ነው የጠየቁት።"

ጥቁሩ ውሻ ወጣ፤ ግቢ ላለው ሰው ይቆያል ተባለ። ቡናማዋ ስትገባ ሻሼን አነጠፍኩላት። አሸተተችው፣ ዞር ዞር ብላ ተኛች። በሩ ተዘጋ። ወንድሜ ጉሮሮውን ሲጠራርግ ዞሬ አየሁት።

"አንዲት ቃል እንዳትወጣህ።"

እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ከውስጥ ትንሽ ቆይቶ ማንኮራፋት ተሰማ። ኃላፊዋ ረክተው ወደ እኔ ጠጋ አሉ። "ቤት ውስጥ የሚኖር ሁሉ ካልፈቀደ አንሰጥም። ወንድምሽ ይስማማል?"

አዎ ማለት ቀላል ነበር። ጠዋት እሺ ብሎኛል፤ በሰው ፊትም አይክደኝም። እሱ ተጠይቆ አይሆንም ካለ ደግሞ ውሻዋን ዳግመኛ ላላያት እችላለሁ። እንዲያም ሆኖ አልቻልኩም።

"እሱን ይጠይቁት። እኔ ስለ ሰው አልመልስም።"

ወንድሜ አየኝ። አንድ ነገር ብዬ እንዳለሳልስለት ይጠብቅ ነበር። የበሩን እጀታ ማየት ቀጠልኩ። አላለሳለስኩም።

"ጠጉሯን አልጠርግም" አለ በመጨረሻ።

"እሱን አልተጠየቅክም።"

"እሺ፤ ትምጣ።"

ስንመለስ እኔና እሷ ከኋላ ተቀመጥን። ንዴቴ አልወጣልኝም፤ ጉልበቴ ላይ አገጯን ስታስደግፍ እንኳ ጥርሴ እንደ ተነከሰ ነበር። እናታችን ደወለች፤ ስልኩ በመኪናው ድምፅ ማጉያ ነው የሚሰማው።

"ውሻ ወሰድን፣ እማ" አለ ወንድሜ። "አንዲት ረጋ ያለች። ፎቅ ቤት ስለሆነ ወጣት አይሆንም ብዬ አሰብኩና..."

"እሱ አይደለም ያሰበው" አልኩ፣ ጮክ ብዬ። "እሱ የፈለገው ሌላ ነበር። እኔ ነኝ የመረጥኳት።"



"ማናት እሷ የተናገረችው?" አለች እናቴ።

ወንድሜ አፉን ከፈተ፣ በመስታወቱ አየኝና መልሶ ዘጋው።

"እኔ ነኝ፣ እማ" አልኩ።