የባዳቾ ቀስት

ባዳቾ ቦምቤ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወልዶ፣ አዲስ አበባ ተምሮ፣ በሃምሳ ስምንት ዓ.ም. ሶዶ የፊዚክስ መምህር ሆኖ ሲመደብ የማያውቀው ነገር ያለ አይመስለውም ነበር። ተማሪዎቹ ይወዱታል፤ ትንሽ ትንሽም ይስቁበታል።

አንድ ሰኞ ለአስራ አንደኛ ክፍል ሁለት ባትሪና ሦስት ሬዚስተር ያለበት ሰርኪዩት ሰሌዳው ላይ ሳለ። ሽቦው መሀል ላይ ቅርንጫፍ ያወጣል። ሥራው በየቅርንጫፉ ስንት ከረንት እንደሚያልፍ ማግኘት ነው። ባዳቾ ከሁለቱም ባትሪዎች ወደ መገናኛው የሚሄዱ ሁለት ቀስቶች አሰመረ፤ ሦስተኛውን ቀስት ከመገናኛው በመሀለኛው ሽቦ ወደ ታች አወረደው።

"ወደ መገናኛው የገባ ሁሉ ይወጣል፤ እዚያ የሚያድር የለም" አለ።

ኢኩዌሽኖቹን ጻፈ፣ ቀነሰ፣ አካፈለ። አንደኛው ከረንት ዜሮ ነጥብ ሰባት አምፒር ወጣ። ሁለተኛው ግን ማይነስ ዜሮ ነጥብ ሁለት ሆነ።

ፈጠነች የምትባል ተማሪ ከፊት ወንበር እጇን አወጣች።

"ጋሼ፣ ከምንም ያነሰ ከረንት አለ?"

"ስሌቱ ላይ ተሳስቻለሁ" አለ ባዳቾ። "ነገ አርመዋለሁ።"

ከሰዓት በኋላ፣ ዳሞታ ተራራ ላይ ጉም ሲወርድ፣ ሰርኪዩቱን በእጁ ሊሠራው ጀማለዲን ሱቅ ሄዶ አምስት የባትሪ ድንጋይ ጠየቀ።

"አምስት? ከተማው ዳር ኦቶና ድረስ በጨለማ ሊሄዱ ነው እንዴ?" አለው ባለሱቁ።

"ለትምህርት ነው።"

"እንግዲያው ትምህርቱ ነዋ የጨለመው!"

ባዳቾ መምህራን ክፍል ተመልሶ በአንድ በኩል አራቱን ድንጋዮች ደርድሮ፣ በሌላው በኩል አንዷን ለብቻዋ አስቀምጦ ከሬዚስተሮቹ ጋር በሽቦ አገናኘ። የከረንት መለኪያውን አንደኛው ቅርንጫፍ ላይ ሲያስገባው ዜሮ ነጥብ ሰባት አነበበ። ሁለተኛው ላይ ሲያስገባው ግን መርፌው ከዜሮ ወደ ግራ ሸሽቶ ጠርዙ ላይ ተለጠፈ።

"መለኪያው ተበላሽቷል!"

የሒሳብ መምህርቷ አባይነሽ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ፈተና ታርም ነበር። ቀና አለች።

"ጠዋት ስሌቱ ተበላሸ፤ አሁን መለኪያው ተበላሸ። እርስዎ ብቻ ደህና ነዎት ማለት ነው?"

"ወይዘሪት አባይነሽ፣ ከሚስቁ ቢያግዙኝ ምናለበት?"

ቀስቶቹንና ስሌቱን የገለበጠበትን ወረቀት ተቀብላ ከመጀመሪያው ሠራችው።

"ስህተት የለውም። እኔም ማይነስ ዜሮ ነጥብ ሁለት ነው ያገኘሁት" አለችና ጣቷን ሁለተኛው ቀስት ላይ አሳረፈች። "ይህን ማን አሰመረው?"

"እኔ።"

"ከረንቱ በዚህ በኩል እንደሚሄድ በምን አወቁ?"

"ከባትሪው ይወጣል ብዬ ነዋ።"

"ጠየቁት?"

ባዳቾ አራቱን ድንጋዮች አየ፤ ብቻዋን የቆመችውንም አየ። አራቱ በርትተው ስለሚገፉ፣ ከረንቱ ከአንዷ በመውጣት ፈንታ ወደ እሷ ይገባ ነበር። የመለኪያውን ሁለት ሽቦዎች አቀያየረ። መርፌው ተነስቶ ዜሮ ነጥብ ሁለት ላይ ቆመ።

"ለካ ቁጥሩ ልክ ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "ማይነሱ 'በተቃራኒው ነው የምሄደው' እያለኝ ነበር።"

"ታዲያ ስንት ጊዜ ይንገርዎት?"

ይህኔ እሱም ሳቀ።

በማግስቱ ክፍል ገብቶ ምንም አልደበቀም። "የተሳሳተው ስሌቱ ሳይሆን ቀስቴ ነው። ቀስት በግምት ይሰመራል፤ ግምታችሁ ሲሳሳት ማይነሱ ይነግራችኋል" አላቸው። ተማሪዎቹ ትምህርቱን ያዙ፤ ለእሱም "ጋሽ ማይነስ" የሚል ስም አወጡለት። አርብ ላይ ስሙ ዳይሬክተሩ ዘንድ ደርሶ ነበር።

ባዳቾ ትንሽ ከፋው። ያን ዕለት ማታ ከትምህርት ቤት ሲወጡ አባይነሽን አስቆማት።

"ስሙን ለዳይሬክተሩ ማን ነገራቸው?"

"እኔ እንጃ" አለች፣ ሳቋን እየዋጠች።

"አንቺ ነሽ!"

ሁለቱም ደነገጡ። ከዚያ በፊት "አንቺ" ብሏት አያውቅም። ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ቀደመችው።

"ዘገየህ እኮ፤ ከመስከረም ጀምሮ 'እርስዎ' ስልህ አፌ ዛለ።"

ሰኞ ግን ዳይሬክተሩ ፊት ሁለቱም እንደገና "እርስዎ" ተባባሉ።